ሆዴ ካነሰ በኋላ

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከድንበሩ ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ እኔና ባለቤቴ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችን። እሱ ግዢውንና እንግዳ መቀበሉን ይይዛል፤ ወጥ ቤቱ የኔ ነው። ደንበኞቻችን በአብዛኛው የሎሪ ሾፌሮች ነበሩ፤ ከብት ጭነው ወደ ናይሮቢ የሚወርዱ፣ ዱቄትና ስኳር ጭነው የሚመለሱ። ያኔ መንገዱ አስፋልት ስላልነበረ እኛ ዘንድ የሚደርሱት ፊታቸው በቀይ አቧራ ተለብጦ፣ ጀርባቸው ደቅቆ ነው። ሰዓት የላቸውም። እኔም ሎሪ እንዳልገባ ካወቅሁ ድስቴን ከእሳት አላወርድም ነበር። ሰው ተርቦ መጥቶ ጠግቦ ሲነሳ ማየት እወድ ነበር። አብሬም እበላ ነበር፤ ወጥ ስቀምስ፣ ከእንግዳ ጋር ስጫወት፣ ሲደክመኝ፣ ሲከፋኝ።

ስወፍር ማንም ታማለች አላለኝም። በኛ ከተማ ውፍረት የሰላም ምልክት ነው። ተመችቷታል ይሉኛል፤ ለምግብ ቤት ባለቤት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም። ጓዳውን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነበርን። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ካቃተኝ ቆይቷል፤ እሱ ነው የሚያስርልኝ። በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ በትራስ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው፤ በቀን ደግሞ ሽንኩርት እየከተፍኩ አንቀላፋለሁ። ስኳርም ደም ብዛትም ነበረብኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ድንበሩን ተሻግሮ ዳገቱ ላይ ስለነበረ መጀመሪያ በመንገድ ላይ ማረፍ ጀመርኩ፣ ከዚያ በበዓል ቀን ብቻ መሄድ፣ በመጨረሻም ቀረሁ። ጉልበቴ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጮህ ለራሴም ይሰማኝ ነበር።

ለዚሁ ጉልበቴ ብለን ነው ናይሮቢ የሄድነው። የአጥንት ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን አይቶ፣ ጉልበቱን ማከም እንደሚችል፣ ግን የሚሸከመው ክብደት ካልቀነሰ ተመልሼ እንደምመጣ ነገረኝና ወደ ሌላ ሐኪም ላከኝ። ሁለተኛው ሐኪም ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ወረቀት ላይ ጨጓራ ስሎ ከላይ ትንሿን ክፍል በመስመር ለየና፣ ምግብ የሚገባው እዚህች ብቻ ይሆናል፣ አንጀቱንም ከፍ አድርገን ከዚህችው ጋር እንቀጥለዋለን አለ። ባለቤቴ ደህና የሆነ ጨጓራ ለምን እንደሚቆረጥ ጠየቀው። ሐኪሙ አልተቆጣም። ቀዶ ሕክምናው እርዳታ እንጂ ተአምር እንዳልሆነ፣ ሕመሙ ቀላል እንዳልሆነ፣ የሚሞትም ሰው እንዳለ አንድ በአንድ ነገረን። እስከ ዛሬ የማመሰግነው ምንም ስላልደበቀን ነው።

ያረፍነው ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር፣ የባለቤቴ የአጎት ልጅ ቤት ነበር። ከሐኪሙ ዘንድ ከባለቤቴ ጋር ስንመለስ ደረጃው ሥር ትንፋሼን ለመሰብሰብ ስቆም እሱም ቆመ።

«እንዳትሞቺብኝ ነው የምፈራው» አለኝ።

«እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ መተኛት ሰለቸኝ» አልኩት።

ካጠራቀምነው ከፍለን፣ ቀጠሮ አስይዘን ወደ ሞያሌ ተመለስን። ቀኑ ሲደርስ ምግብ ቤቱን ዘግተን ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። ጎረቤቴ ቦረና ናት፣ ሙስሊም፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ከኢትዮጵያ በኩል ጨርቅ እያመጣች በዚህኛው በኩል ትነግዳለች። የት እንደምሄድ የነገርኳት ለእሷ ብቻ ነው። ቁልፉን ከሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችና በሩን ራሴ እንድከፍተው አደራ አለችኝ።

ከማደንዘዣው ስነቃ መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም ሳይሆን ጥማት ነበር። ሕመሙ ከኋላው መጣ። ከጡቴ ሥር እስከ እምብርቴ የጋለ ብረት ያጋደሙብኝ መሰለኝ። አፍንጫዬ ውስጥ ቱቦ አለ፣ ጎኔ ላይ ቱቦ አለ፣ ክንዴ ላይ መርፌ አለ። መተንፈስ ፈራሁ። ማሳል የሚባለውን ነገር በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼው አላውቅም፤ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር የሚተረተር ይመስለኝ ነበር።

እዚያ ክፍል አንዲት ጎልማሳ ነርስ ነበረች፣ ሰፊ መዳፍ ያላት። አንሶላ አጥብቃ ጠቅልላ ሆዴ ላይ አስቀመጠችና በስዋሂሊ፣ ሳል ሲመጣብሽ ይህን እቀፊው፣ እንደ ሕፃን አጥብቀሽ ያዢው አለችኝ። ያዝኩት። ሕመሙ አልጠፋም፣ ግን የሚይዘው ነገር አገኘ። ያን ጥቅል አንሶላ ከሆስፒታል እስክወጣ ከእጄ አልለየሁትም።

እኔ ያደግሁት ቻይ ነሽ እየተባልኩ ነው። ስለዚህ ነርሷ እንዴት ነሽ ስትለኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ፣ ላብ እያጠመቀኝ። በሁለተኛው ቀን ገባት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሕመም ሲጀምር ካልነገርሽኝ ከፍ ካለ በኋላ መድኃኒቱም አይደርስበትም፣ ደግሞ እዚህ ለቻለ ሰው ሽልማት አንሰጥም አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሲጀምረኝ እጠራታለሁ። አመመኝ ማለትን የተማርኩት በዚያ ዕድሜዬ፣ በሰው አገር ቋንቋ ነው።

ያለ ርኅራኄ ግን ታራምደኛለች። ገና ቱቦው ሳይወጣልኝ አስነስታ ኮሪደሩ ላይ ታቆመኛለች። እኔ በአማርኛ እረግማታለሁ፤ አንቺ ብረት፣ አንቺ ድንጋይ፣ እናት አልወለደሽም ወይ እያልኩ። አንድ ቀን ቆም አለችና ቃሉን ባላውቀውም የምትዪው ገብቶኛል አለችኝ። በየቋንቋው እንደተሰደበች፣ የሰደቧት ሁሉ ግን በእግራቸው ሄደው እንደወጡ ነገረችኝ። ሳቄ መጣ፤ መሳቁ ደግሞ ከማሳሉ የባሰ ነበር። አንሶላዬን አቅፌ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ሳቅሁ።

ውኃ የሰጡኝ በመድኃኒት መለኪያ ክዳን ነበር። አፌ ውስጥ ያዝኩት፣ ምላሴ ላይ አንከባለልኩት፣ ከዚያ ዋጥኩ። ውኃ እንዲህ ያለ ጣዕም እንዳለው አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጉሮሮዬን ሲመለከት፣ ውኃው መውረዱን ሲያይ እሱም አብሮኝ ዋጠ።

ከሆስፒታል ወጥተን ኢስሊ ጥቂት ሳምንታት ተቀመጥን። ሐኪሙ ስፌቱን አይቶ መሄድ እንደምችል ሲፈቅድልኝ የቀረው መንገዱ ነበር። ያ መንገድ ደህናውን ሰው ይሰብራል። እኔ ደግሞ ሆዴ ገና ከውስጥ ይጎትተኛል፤ ደረጃ ስወርድ እንኳ በእጄ ደግፌው ነው። በአውቶቡስ ልንሄድ ስናስብ አንድ የቆየ ደንበኛችን፣ ከኛው ወገን የሆነ ሾፌር፣ ኢስሊ መሆናችንን ሰምቶ ቤት ድረስ መጣ። አውቶቡስ ያነጥርዎታል፣ እኔ ሙሉ ዱቄት ጭኛለሁ፣ የተጫነ ሎሪ መሬት ይይዛል፣ ባዶ ቢሆን አልወስድዎትም ነበር አለኝ። ከፊት መቀመጫው ላይ ፍራሽ አነጠፈልኝ። ባለቤቴ ከበሩ በኩል ተቀምጦ በትከሻው ደገፈኝ።

እስከ ኢሲዮሎ ደህና ሄድን። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን በሽፍታ ምክንያት ሎሪዎች ተሰልፈው፣ ከፊትና ከኋላ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች አጅበዋቸው የሚያልፉበት ነበር። ሰልፉ የሚሄደው በአንድ ፍጥነት ነው፤ ወደ ኋላ መቅረት አይቻልም። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ሸንተረር የበዛበት ነው። ትንሽ እንደሄድን ሕመሜ ተነሳ። አልናገርም ብዬ ነበር፤ ከዚያ ነርሷ ትዝ አለችኝና አመመኝ አልኩ።

ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ አጥፍቶ ለፊተኞቹ ምልክት ሰጠና አቆመ። ሰልፉ በሙሉ ቆመ። እሱ ወርዶ ወደ ፊት ሄደ። በመስኮቱ በኩል ሾፌሮቹ ሲሰበሰቡ፣ እጁን ወደኛ ሎሪ ሲጠቁም፣ ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ አየሁ። አፈርኩ። በኔ ምክንያት በዚያ አስፈሪ ቦታ ያን ሁሉ ሰው አስቁሜ፣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጠባቂዎቹ ሰዓታቸውን እያዩ ይነጋገራሉ። ከዚያ ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ሁልጊዜ እኛ ቤት መረቅ አስጨምሮ የሚበላው ጠና ያለ ሰውዬ፣ ወደኔ መጥቶ በሩ ሥር ቆመ።

«እትዬ፣ ስንት ዓመት እርስዎ እኛን ጠብቀው አብልተውናል» አለኝ። «ዛሬ ደግሞ እኛ እንጠብቅዎት። እርስዎ ያሉበትን ሎሪ ከፊት እናደርገዋለን፤ ሰልፉ በእርስዎ ልክ ነው የሚሄደው።»

የኛ ሎሪ ከፊተኛው የጠባቂዎች መኪና ቀጥሎ ገባና ሰልፉ ሰው በሚራመደው ልክ ተንቀሳቀሰ። ማንም ጡሩምባ አልነፋም። ማርሳቢት የደረስነው መድረስ ከሚገባን ብዙ ዘግይተን ነው። እዚያ ስናርፍ ሾፌሮቹ በየተራ ወደ መስኮቱ እየመጡ ፖሌ ማማ፣ እግዜር ይማርሽ፣ አላህ ያሽርሽ ይሉኛል፤ እያንዳንዱ በሚያውቀው ቋንቋ። አንዱ የራሱን ትራስ አምጥቶ ከሆዴ ጋር እንዳቅፈው ሰጠኝ። በማግስቱም እንዲሁ ቀስ እያልን ሞያሌ ገባን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተደርጎልኛል፤ ሰው እንዳለኝ ያወቅሁት ግን በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ጎረቤቴ ቁልፉን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። በሩን ራሴ ከፈትኩ።

ቤቴ መግባት ቀላል መስሎኝ ነበር። ግን የገባሁት ምግብ ቤት ነው። ጠዋት ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ቀን ሥጋ ሲጠበስ፣ እኔ ያጠለልኩትን የአጥንት መረቅ በሻይ ማንኪያ እየቆጠብኩ እጠጣለሁ። ጠጠር ያለ ምግብ ከጀመርኩ በኋላም ሁለት ሦስት ጉርሻ ነው የምችለው። ቸኩዬ ከዋጥኩ ደረቴ ላይ ድንጋይ እንደተሰነቀረ ሆኖ ይቆምና ምራቄ እየሞላ ሮጬ አስመልሳለሁ። አንድ ቀን ከገበያ የመጣ ሐልዋ፣ ያ ስኳር የበዛበት ጣፋጭ፣ አምሮኝ ትንሽ ቆርሼ በላሁ። ልቤ እንደ ከበሮ መታ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዱቄት ጆንያ ላይ ተጋድሜ እስኪያልፍልኝ ጣሪያውን አየሁ። ፀጉሬም ረገፈ፤ ማበጠሪያው ላይ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይቀራል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ምግብ እንደ ሰው እንደሚናፍቅ። ሲከፋኝ ወደ ድስቱ እሄድ የነበርኩ ሰው ሲከፋኝ የምሄድበት አጣሁ። ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ብዙ ጊዜ።

ወጥ መቅመሱም ቀረ። ቅባቱ አይስማማኝም። ስለዚህ በዕድሜው ወጥ ቤት ገብቶ የማያውቀው ባለቤቴ ቀማሽ ሆነ። መጀመሪያ ሁሉንም ጥሩ ነው ይለኛል፤ ጨው የሌለውንም፣ ጨው የበዛበትንም። ሾፌሮቹ ፊታቸውን ማኮሳተር ሲጀምሩ ተቆጣሁት። ከዚያ እየቆየ ምላሱ ተገራ። እንዲያውም ቅመም አነሰው ብሎ ይከራከረኝ ጀመር። እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ አዛለሁ፣ እሱ ማንኪያ ይዞ ከድስት ድስት ይዞራል። በትዳራችን ያን ያህል አብረን ስንስቅ አላስታውስም።

ጎረቤቴ ደግሞ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች። ክንዴን ትይዝና ድጋፍ የምትፈልገው እሷ የሆነች አስመስላ ታራምደኛለች። መጀመሪያ እስከ ሱቋ፣ ከዚያ እስከ ገበያው፣ እየቆየ ወደ ሄሉ በሚወስደው መንገድ። ሲያመኝ ቆም ትልና ሰው ያቆማት ይመስል አላፊ አግዳሚውን ሰላም ትላለች። በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልሱት ቦዳቦዳ ነጂዎች እናሳፍራችሁ ሲሉን፣ ሞተሩን ለደካማ ተውት ትላቸዋለች።

ልብሴ መስፋት ሲጀምር ግን ሌላ ነገር መጣ። በእነዚያ ዓመታት፣ የሎሪ መንገድ ላይ ባለ ከተማ፣ በአንዴ የከሳ ሰው የሚጠረጠረው በአንድ በሽታ ብቻ ነበር፤ ስሙንም ማንም ጮክ ብሎ አይጠራውም። ሾፌሮቹ ነገሩን ስለሚያውቁ አልቀሩም። የከተማው ሰዎች ግን ቀስ በቀስ ራቁኝ። ሻይ የሚጠጡት በር ላይ ቆመው ሆነ፤ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት መጠጣት ጀመሩ። አንዲት የማውቃት ሴት ጎትታ ወደ ጥግ ወሰደችኝና፣ አሁን መድኃኒቱ አለ፣ አትፈሪ፣ እኔ እወስድሻለሁ አለችኝ። ከልቧ ነበር። ስለ ቀዶ ሕክምናው ነገርኳት። እንዳላፍር ብላ ያመነችኝ መስላ ራሷን ነቀነቀች።

የዚያን ዕለት ስንራመድ ለጎረቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ጠባሳዬን ለገበያው ሁሉ ላሳይ እንዴ እያልኩ፣ እያለቀስኩ ነበር። ክንዴን እንደያዘች ሰማችኝ።

«ቢኖርብሽስ?» አለችኝ በመጨረሻ። «ክንድሽን የምለቅ መስሎሽ ነው?»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ መጣችና ከደጅ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። የምበላውን ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። ሥጋ ያልነካው ሽሮ ነበረኝ፤ በአንድ ሳህን አቀረብኩ። እኔ እንደ አቅሜ ጥቂት ቀምሼ እጄን ስሰበስብ፣ የተረፈኝን በዚያው በኔ ማንኪያ፣ ሳትቸኩል፣ ከሚያልፈው ሰው ጋር እያወራች ጨረሰችው። ከኔ ብርጭቆም ውኃ ጠጣች። በማግስቱም መጣች። በሚቀጥለውም። ቆይታ፣ ቀሚሷ ጎኗ ላይ ሲጠባት፣ አንቺ የጣልሽውን እኔ አነሳሁት ብላ ሳቀች።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። መጥተው ተቀመጡ፣ ቀዳሁላቸው።

ዓመት ሳይሞላ የስኳር መድኃኒቴ ቀነሰ። ጎኔን አጋድሜ መተኛት ጀመርኩ፤ ባለቤቴ ግን ለብዙ ጊዜ እየነቃ ትንፋሼን ያዳምጥ ነበር። ጉልበቴም ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገው ቀረ። ሁሉም ነገር ግን አልዳነም። ብርድ ሲሆን ጠባሳው ይጎትተኛል፣ ቆዳዬ ተንጠልጥሏል፣ ዛሬም ከሻይ ሳህን የበለጠ አልበላም፣ ቪታሚኔን ከረሳሁ ያዞረኛል። አንዳንድ ቀን ድግስ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲበላ ሳይ የድሮው ሐዘን ብልጭ ይልብኛል። ያልፋል።

ከዝናቡ በኋላ ጎረቤቴ ቦሪ ወደሚባለው ቦታ፣ ወላጆቿ ጋ ወሰደችኝ። መኪናው ካወረደን ቦታ እስከ ቤታቸው በግመሎቹ መሐል በእግራችን ሄድን። እናቷ በትልቅ ጮጮ ወተት አቀረቡልኝ። ጥቂት ተጎንጭቼ ሳስቀምጠው ቅር አላቸው፤ ወተታቸውን የናቅሁ መሰላቸው። ልጃቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ስትላቸው ግን ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ምን እንዳለቻቸው ጠየቅኋት።

«የዕድሜ ልኳን ድርሻ ቀድማ ጨርሳ ነው አልኳቸው።»

እናቷ ጮጮውን ከድነው ከጎኔ አስቀመጡልኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሲያወጉ፣ ጨዋታቸው ግማሹ እየገባኝ ግማሹ እያለፈኝ፣ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ተጎነጨሁ። ማንም አላስቸኮለኝም።